የባላገሩን ዜማ በሰም የቀረጸው ሊቅ

የየአገሩን ባላገር ዘፈን በሸክላም ሆነ በሌላ መሣሪያ ስንሰማ፣ ያ ድምፅ ከመንደሩ ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ማን እንደ ደከመበት ብዙ ጊዜ አናስብም። ከደከሙት አንዱ ስመ ጥሩው የሀንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን።

ባርቶክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ. ም. ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ እናቱ አስተማሪ ነበረችና ፒያኖም አስተምራ አሳደገችው። በቡዳፔስት ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በ1904 አንዲት ከገጠር የመጣች አገልጋይ ስታንጎራጉር ሰማ። በከተማው የሀንጋሪ ዘፈን እየተባለ የሚሰማው ዜማ የጥንቱ የባላገር ዜማ አለመሆኑን ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተረዳ።

በ1906 ከወዳጁ ከዞልታን ኮዳይ ጋራ ሥራውን ተካፍሎ፣ ፎኖግራፍ ይዞ በየመንደሩ መዞር ጀመረ። መሣሪያው ድምፅ የሚቀርጸው በሰም ላይ ነው። ባርቶክ ይበልጥ የሚፈልገው አሮጊቶችን ነበር፤ እነርሱ ግን በእንግዳ ፊት መዝፈን እያሳፈራቸው ብዙ ያስለምኑት ነበር። ሰሙም ደጋግመው ባሰሙት ቁጥር እየተፋቀ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዱን ዜማ በጥንቃቄ በኖታ ይጽፈው ነበር።

በሀንጋሪዎች ዘፈን ብቻም አላበቃም። የስሎቫኮችን ሰበሰበ፤ ከሩማንያዎችም ከ3000 በላይ ዜማ አገኘ፤ በ1913 አልጄሪያ ድረስ ሄዶ በቢስክራ አካባቢ የዐረቦችን ዘፈን ቀረጸ።

መከራው የመጣው ከዚሁ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀንጋሪ ብዙ መሬት አጣች፤ ባርቶክ የተወለደበት ከተማ ሳይቀር ለሩማንያ ሆነ። በ1920 ስለ ሩማንያዎች ዘፈን ባወጣው ጥናት ምክንያት የገዛ ወገኖቹ አገሩን እንደ ከዳ አድርገው ወቀሱት፤ ኋላ ደግሞ በሩማንያ በኩል ለሀንጋሪ ያደላል ተባለ። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1934 ፒያኖ ማስተማሩን ትቶ በሀንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ዘፈኖቹን ማደራጀት ያዘ። በ1936 ወደ ቱርክ ሄዶ በአዳና አካባቢ የዘላኖች ዜማ ከጥንቱ የሀንጋሪ ዜማ ጋራ እንደሚዛመድ ተመለከተ።

የናዚዎች ኃይል እየበረታ ሲመጣ በ1940 አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከመሄዱ በፊት በጻፈው ኑዛዜ፣ በቡዳፔስት በሂትለርና በሙሶሊኒ ስም የተሰየመ አደባባይ እስካለ ድረስ በሀንጋሪ አንድም መንገድ በስሙ እንዳይጠራ አዘዘ። በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከዩጎዝላቪያ የተቀረጹ ዘፈኖችን ሲያጠና ቆይቶ፣ በሕመም ማቅቆ መስከረም 26 ቀን 1945 ሞተ። አፅሙ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1988 ነው።

ተማሪዎች ሳለን አገር መውደድ ማለት የራስን ብቻ ማወደስ ይመስለን ነበር። ባርቶክ የራሱን ሕዝብ ዜማ የሚወድ ሰው የጎረቤቱንም አክብሮ ማዳመጥ እንደሚችል በሕይወቱ አሳየን። እነዚያ ያፍሩ የነበሩ አሮጊቶች ዛሬ የሉም፤ ዜማቸው ግን አለ።