ከፊዚክስ ክፍል ወደ ሕይወት ጥያቄ፦ ኤርዊን ሽሮዲንገር



በቆጋ መስኖ ስንዴ የዘራ ገበሬ የሚያጭደው ስንዴ እንደሆነ አይጠራጠርም። ያች ትንሽ ፍሬ ግን ስንዴ የመሆንን ትእዛዝ የት ይዛዋለች? እንዴትስ ሳይበላሽ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል? በዚህ እትም የምናወጋችሁ ይህን ጥያቄ ከፊዚክስ በኩል ስለጠየቀ ሰው ነው። ኤርዊን ሽሮዲንገርን ፊዚክስና ኢንጂነሪንግ የምንማር በእኩልዮሹ እናውቀዋለን፤ ስለ ሕይወት ያነሳው ሐሳብ ግን ብዙም አይነገረንም።

ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1887 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። አባቱ ፋብሪካ ቢኖራቸውም ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሰው ነበሩ፤ የእናቱ አባት ደግሞ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል በመኮንንነት አገለገለ፣ በ1921 ዙሪክ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። በ1926 ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ የሚገልጸውን እኩልዮሽ አሳተመ። በ1927 ማክስ ፕላንክን ተክቶ ወደ በርሊን ሄደ፤ በ1933 ከፖል ዲራክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በዚያው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሽሮዲንገር አይሁዳዊ አልነበረም፤ ሆኖም የናዚዎችን ሥራ በመጥላት በርሊንን ለቆ ወጣ። በ1936 ወደ አገሩ ተመልሶ በግራትስ ማስተማር ያዘ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ግን ለአዲሱ አገዛዝ የሚያጎበድድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም በጋዜጣ ወጣ። ይህም አላዳነውም። በዚያው ዓመት ከሥራው ተባሮ ከባለቤቱ ጋር አገሩን ጥሎ ሸሸ፤ በደብዳቤውም በኋላ ተጸጸተ። መጠጊያ ያገኘው በአየርላንድ ነው። ቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኤመን ደ ቫሌራ ወደ ደብሊን ጋበዙት።

በየካቲት 1943፣ ዓለም በጦርነት ስትነድ፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ስለ ሕይወት ምንነት ተከታታይ ንግግሮችን ለሕዝብ አቀረበ። ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ተገኝቶ አዳመጠው። በ1944 ንግግሮቹ በመጽሐፍ ታተሙ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ብዙዎቹ የምናውቃቸው የፊዚክስ ሕጎች በአማካይ የሚሠሩ ናቸው። በጣና ውሃ ውስጥ አንዷ ሞለኪውል ወዴት እንደምትሄድ መናገር አይቻልም፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሲሰበሰቡ ግን ሥርዓት ይታያል። አቶሞቹ ጥቂት ከሆኑ ሥርዓቱ ይናጋል። ዘረ መል ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ ታዲያ በሰውነታችን ሙቀት እየተናጠ እንዴት ለዘመናት ይጸናል? ሽሮዲንገር የሀፕስበርግ ነገሥታትን ከንፈር ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል፤ ያ የከንፈር ቅርጽ በቤተሰቡ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወረስ ኖሯል።

መልሱን ከኳንተም ፊዚክስ ፈለገ። ሞለኪውል የፈለገውን ያህል ኃይል ይዞ መቀመጥ አይችልም፤ የተፈቀዱለት ደረጃዎች አሉ። ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ለማለፍ ከፍ ያለ ግንብ መሻገር አለበት፤ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ለዚያ በአብዛኛው አይበቃም። ስለዚህ ዘረ መል ይጸናል። አልፎ አልፎ ሲሻገር ደግሞ የዘር ለውጥ ይከሰታል። ሌላም ነገር ገመተ፦ የዘር ትእዛዝ እንደ ወለል ንጣፍ አንድ ቅርጽ የሚደጋገምበት ሳይሆን እንደ ኪታብ ፊደላት ሳይደጋገም የሚደረደር መሆን አለበት።

ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ መጽሐፉን አንብበው ወደዚህ ጥያቄ ተሳቡ፤ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ይፋ አደረጉ። የፊደላቱ ግምት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሽሮዲንገር ግን ዘረ መል ከፕሮቲን የተሠራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ በዚህ ተሳስቷል።

ከእሱ በኋላ ጥያቄው ሰፋ። በአንዳንድ ኢንዛይሞች ውስጥ ሃይድሮጅን ግንቡን ሳይወጣ ሰርስሮ እንደሚያልፍ በሙከራ ታይቷል። ሮቢን የተባለችው ወፍ የመሬትን መግነጢስ የምታውቀው በዓይኗ ውስጥ ባለ ፕሮቲን በሚሆን የኳንተም ሂደት ነው የሚለው ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ አለው፤ ነገር ግን ገና አልተዘጋም። በ2007 ስለ ፎቶሲንተሲስ የወጣው ብዙ የተወራለት ውጤት ደግሞ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ሌላ ትርጓሜ ተሰጥቶታል።

ሽሮዲንገር በ1956 ወደ ቪየና ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1961 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እምነቱ ወደ ሕንድ ፍልስፍና ያደላ ነበር። የግል ሕይወቱም አርአያ አይሆነንም፤ በአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ላይ ስለፈጸመው ነገር የተጻፈው ሲታወቅ ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2022 በስሙ ይጠራ የነበረውን አዳራሽ ስም አንስቷል። ዒልም ያለ አኽላቅ ምን እንደሚመስል ከዚህ እንማራለን። ዒልሙን እንወስዳለን፤ ሰውየውን ግን አናወድስበትም።

ለእኛ የሚቀረን ቁም ነገር አለ። አንዳንዶቻችን ሕይወት በፊዚክስ ሲብራራ ኢማናችን የሚሸረሸር ይመስለናል። ሌሎቻችን ደግሞ አንድ አዲስ ግኝት በወጣ ማግስት አያ ፈልገን እናያይዘዋለን። ሁለቱም መቸኮል ነው። የስንዴዋ ፍሬ ትእዛዟን የምትጠብቅበትን መንገድ ማወቅ የአላህን (ሱ.ወ.) ሥራ ማየት ነው እንጂ ሠሪውን መካድ አይደለም። ገና ያልጸናን ግምት ከቁርኣን ጋር ብናስርና ነገ ቢሻር ግን በደካሞች ቀልብ ውስጥ ጥርጣሬ የምንዘራው እኛው ነን። ስለ ሩሕ የተሰጠን ዕውቀት ጥቂት መሆኑንም አንርሳ። በላቦራቶሪም ሆነ በሐለቃችን የጸናውን የጸና፣ ያልጸናውን ያልጸና እንበል።

ወሏሁ አዕለም።