የሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሕይወትና ሥራ

በሙያችን ውስጥ የዜማ ደራሲን ያህል ሥራው የታወቀ፥ ስሙ ግን የተረሳ ባለሙያ አይገኝም። ዘፋኙ በመድረክ፥ ተዋናዩ በሸራ ላይ ይታያል፤ ዜማውን የደረሰው ሰው ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራል። በከተማችን በድሬዳዋ የህንድ ፊልም አይቶ ዜማውን እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የተመለሰው ተመልካች ብዙ ነው፤ ዜማው የማን እንደ ሆነ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው። በአገራችንም ከአርባ ዓመት በላይ ተማሪው በየትምህርት ቤቱ፥ ወታደሩ በየሰልፉ ቆሞ ያከበረው አንድ ዜማ ነበር፤ እርሱም ከ1923 ዓ.ም. እስከ ዘውዱ መውረድ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የነበረው ነው። የዚህ ዜማ ደራሲ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተወለዱ፥ የትውልድ ቀያቸውንም ያጡ አርመናዊ ነበሩ። ስማቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ግዛት፥ ዓይንታብ በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1887 ተወለዱ። ዓይንታብ በዚያ ዘመን ብዙ አርመኖች የሚኖሩባት፥ በትምህርት ቤቶቿም የታወቀች ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመን ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይህን ሕይወት ከሥሩ ነቀለው። የከተማይቱ አርመኖች ወደ ሶርያ ምድረ በዳ ተነዱ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱትም ብዙ ሳይቆዩ ዳግመኛ ለመሰደድ ተገደዱ። ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ሕፃናት በአሌፖ፥ በቤይሩት፥ በኢየሩሳሌምና በሌሎችም ከተሞች ተበተኑ። ከእነዚህም መካከል ጥቂቶቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠግተው ያድጉ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለመጓዝ ከአዲስ አበባ ሲነሡ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመን ገዳም ውስጥም እነዚህን ሕፃናት አዩአቸው። የልጆቹ ሁኔታ ልባቸውን ስለ ነካው ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። አርመኖች ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም። በሃይማኖት የሚቀራረቡ ከመሆናቸውም በላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በወርቅ አንጥረኝነት፥ በፎቶግራፍና በንግድ ያገለገሉ አርመኖች ነበሩ። በመጀመሪያ በሐረር የኖሩት ሰርኪስ ተርዚያን ወደ አገራችን ባስገቡት የእንፋሎት መኪና ምክንያት ስማቸው በሕዝብ አፍ ሲነሣ ይኖራል።

አርባው ልጆች አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ ለዘመን መለወጫ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። የሙዚቃ መሪያቸውም ሙሴ ኬቮርክ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከባሕር ወደ መናገሻ ከተማ የሚያደርሰው ዋና መንገድ የጅቡቲ ምድር ባቡር ሲሆን፥ ድሬዳዋ የዚህ መሥመር እምብርት ነበረች። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ከበረሃው ወጥቶ በድሬዳዋ ያድር ነበር። እንግዲህ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ የሆኑት ሕፃናት የተጓዙት ከተማችንን በፈጠረው በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በአገራችን የናስ ሙዚቃ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የናስ መሣሪያዎች በምኒልክ ቤተ መንግሥት ይነፉ ነበር። ነገር ግን በኖታ የተማረ፥ በመሪ የሚመራና በመንግሥት በዓል ሁሉ የሚያገለግል ጓድ በሚገባ የተቋቋመው በአርባ ልጆች ነው። ሙሴ ኬቮርክ በአንድ በኩል ወላጆቻቸውንና አገራቸውን ላጡ ሕፃናት እንደ አባት ሆነው፥ በሌላ በኩል እንደ መምህር ተግሣጽ እያሳዩ ይመሩአቸው ነበር። ልጆቹ የአገሩን ቋንቋ ገና ሳይለምዱ በአደባባይ ቆመው የመንግሥቱን ክብር በመሣሪያቸው ያሰሙ ነበር።

የመዝሙሩ ታሪክ ከዚህ ይነሣል። ነጻ መንግሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በእኩልነት ሲገናኝ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል የሚሰማ የራሱ መዝሙር ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለ ነበረ ይህ ፍላጎት ይበልጥ እየተሰማ ሄደ። ሙሴ ኬቮርክ ዜማውን እ.ኤ.አ. በ1926 ደረሱ። ግጥሙን የደረሱት ደግሞ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሊቅና የቴያትር ደራሲ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። አንደኛው የአውሮፓን የሙዚቃ ሥርዐት ያወቁ አርመናዊ፥ ሁለተኛው በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያደጉ ሊቅ ነበሩ። በአማርኛ ቃል ላይ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ከሰልፍ ሙዚቃ ምት ጋር ካልገጠመ ትርጉሙ እንደሚበላሽ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ላልሆነ የዜማ ደራሲ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ተገጣጥሞ መገኘቱ የጓደኝነታቸው ፍሬ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ፥ ከልዩ ልዩ መንግሥታት በመጡ እንግዶች ፊት ተሰማ።

የአርባ ልጆች ጓድ የአገልግሎት ዘመኑ ባበቃ ጊዜ ከልጆቹ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ቀርተው ልዩ ልዩ ሥራ ያዙ፤ ሌሎቹም ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ሙሴ ኬቮርክ ግን እዚሁ ቀሩ። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ለኢትዮጵያውያን ልጆች ሙዚቃ አስተማሩ፤ በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ገና ያቆጠቁጥ ለነበረው የአማርኛ ቴያትርም በዜማ ድርሰታቸው አገልግለዋል። ቴያትርና ዘፈን በአገራችን መድረክ ተለያይተው የማያውቁ ስለ ሆኑ የዜማ ደራሲው ድርሻ ከተዋናዩ የሚያንስ አልነበረም።

ከዚያም የ1928 ዓ.ም. መከራ መጣ። ሙዚቀኞቹን ወደ መናገሻ ከተማ ያደረሰው ባቡር በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ። መዝሙሩ በገዛ አገሩ በይፋ የማይዘመር ሆነ። የግጥሙ ደራሲ ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። አገሩን በኃይል ያጣው ሰው የደረሰው ዜማ እርሱ ራሱ አገር አጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ግን መዝሙሩ ከሰንደቅ ዓላማው ጋር ወደ አደባባይ ተመለሰ። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. አረፉ፤ ሙሴ ኬቮርክም እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

የሙሴ ኬቮርክ ሥራ በመዝሙሩ ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ1915 በዓይንታብ የተወለዱት የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን የአጎታቸውን ፈለግ ተከትለው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። ኔርሴስ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድ መርተዋል፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፥ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፥ የሙዚቃ ክፍልም በእርሳቸው መሪነት ብዙ አፍርቷል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ኔርሴስ የኢትዮጵያ ዜግነት አግኝተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1977 እ.ኤ.አ.፥ በዚህ ሙያ ላይ ቆይተዋል።

በሥራቸው ላይ የሚነሣ ነቀፌታ አለ። የመዝሙሩ ዜማ የተመሠረተው በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ሳይሆን በአውሮፓ የሰልፍ ሙዚቃ ሥርዐት ላይ ነው የሚሉ አሉ። ነቀፌታው መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም በዚያ ዘመን መዝሙሩ የታሰበው በናስ መሣሪያ እንዲነፋና የውጭ መንግሥታት ጓዶችም ኖታውን አንብበው እንዲያሰሙት ነበር። አምስቱን ድምፅ የያዘውን የአገራችንን ቅኝት ከብዙ መሣሪያ ጋር አስማምቶ የማቀናበሩ ከባድ ሥራ የተከታዩ ትውልድ ድርሻ ሆነ፤ በዚህም ሥራ ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ኔርሴስ ነበሩ። አጎት መሠረቱን ባይጥሉ የወንድማቸው ልጅ የሚገነቡበት አይገኝም ነበር።

ከዘውዱ መውረድ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ቀርቶ በዳንኤል ዮሐንስ ዜማ የተደረሰው ተተካ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የሚዘመረው የሰሎሞን ሉሉ ዜማ ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት ሲለወጥ መዝሙር መለወጡ በብዙ አገር የታየ ነው፤ የሚያሳዝነው ዜማው ሲቀር የደራሲው ስም አብሮ መረሳቱ ነው። ሰው አንድን ሥርዐት ሊወድ ወይም ሊጠላ ይችላል፤ የባለሙያው ድካም ግን ከሥርዐቱ ጋር መቀበር የለበትም። ሙሴ ኬቮርክ አርባ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይዘው ባዶ እጃቸውን ወደ ማያውቁት አገር መጡ፤ የገዛ ሕዝባቸው መዝሙር በገዛ ከተማቸው በማይሰማበት ዘመን ለሌላ ሕዝብ መዝሙር ደረሱ፤ በመጨረሻም በዚሁ ምድር አረፉ። በየዝግጅቱ ወረቀት ላይ ከዘፋኙ ስም በታች የዜማ ደራሲውን ስም ለማስፈር አንድ መሥመር ብቻ ይበቃል፤ ለሙሴ ኬቮርክና ለመሰሎቻቸው ከእኛ የሚጠበቀው ክብርም ከዚያች መሥመር ይጀምራል።