የፔኪንግ ቅጥር ጠበቃ

ቻይናዊው የሕንፃ ሊቅ ሊያንግ ሲቼንግ እ.ኤ.አ. በ1901 በቶኪዮ ተወለደ። በአሜሪካ አገር ተምሮ ወደ ቻይና ከተመለሰ በኋላ፥ ከባለቤቱ ከሊን ህዊዪን ጋር በየገጠሩ እየዞረ ጥንታውያን ሕንፃዎችን ይለካና ይሥል ነበር። በ1937 በበቅሎ ተጉዘው፥ በ857 የታነጸውን የፎጓንግን የእንጨት ቤተ መቅደስ መረመሩ።

በ1950 ከቼን ዣንሺያንግ ጋር ሆኖ፥ አዲሶቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአሮጌው ፔኪንግ በስተምዕራብ እንዲሠሩ አሳሰበ፤ የከተማው ቅጥርም የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ለመነ። ግን ሰሚ አላገኘም፤ አብዛኛው ቅጥር ለመንገድና ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል ፈረሰ። እርሱም በ1972 ዐረፈ። ከፈረሱት በሮች አንዱ፥ ዮንግዲንግመን፥ በ2004 እንደ አዲስ ተሠራ፤ የጥንቱ ግን አልተመለሰም።

እኛም ተማሪዎች አዲሱን ለመሥራት አሮጌውን ማፍረስ ግድ አለመሆኑን ከዚህ ሰው ሕይወት እንማራለን።