ሻምበል አበበ ቢቂላና ዝግጅቱ

በመካከላችን ስለ አበበ ቢቂላ ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዲት ማታ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠባትን ማታ። በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል ወሬው ሲነሣ የሚነገረው አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም የማያውቀው ወታደር ጫማውን ጥሎ ተነሣ፤ ሮጠ፤ ዓለምን አስደነቀ ይባላል። ወሬው ይጣፍጣል። እኔ ግን ሰውየውን የሚያመሰግን መስሎ ምስጋናውን የሚቀማው ይመስለኛል፤ የብዙ ዓመት ልፋቱን ከእጁ ወስዶ ለተአምር ይሰጥበታልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሩጫው ይልቅ ስለ ዝግጅቱ ለመናገር አስቤአለሁ።

ለነገሩ መግቢያ እንዲሆነኝ ከእግር ሩጫ ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ ላምጣ። አበበ ለሮማ በተዘጋጀበት በ1952 ዓ.ም. በአውሮፓ ወጣት የመኪና ተወዳዳሪዎች ፎርሙላ ጁኒየር በሚባለው ክፍል ይሽቀዳደሙ ነበር። መኪናዋ ባለ አንድ መቀመጫ ናት፤ ሞተሯ ግን በገበያ ከሚሸጥ ተራ መኪና የተወሰደ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል፤ መጠኑም ከ1,100 ሲሲ እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ የሆነበት ምክንያት ብዙ ሀብት የሌለው ጀማሪም ዕድሉን እንዲሞክር ነው። ሞተሩ የሁሉም ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱ የሚመጣው በነጂው ችሎታና በዝግጅት ነው። ውድድር በማይኖርበት በብርዱ ወራት ሞተሩ ይፈታል፤ ይጸዳል፤ ይለካል፤ ተመልሶ ይገጠማል። የውድድሩ ዘመን ሲከፈት ተመልካቹ የሚያየው የዚያን የብርድ ወራት ፍሬ ነው። በዚያ ዓመት በዚህ ክፍል ስማቸውን ካስጠሩት ወጣቶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ ነበር፤ በኋላም ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስሙን በከንቱ አላነሣሁትም፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። የእኛው ሰው ግን ሞተር አልነበረውም፤ የሚፈታውና መልሶ የሚገጥመው የገዛ ሰውነቱን ነበር።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቅ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ነገሩ ሲገጣጠም በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ሩጫ ይካሄድ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ቤተሰቡ ጎሮ ወደሚባል ሩቅ ስፍራ ተሰደደ፤ በኋላም ወደ ጃቶና ጅሩ አካባቢ ተመለሰ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ከአባቱ ከቢቂላ ደምሴ ተለያይተው ሌላ ባል አግብተው ነበር። ልጁ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ገና ተጫውቷል። ያገራችንን ገና የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይረዳል፤ ሁለቱ ግቦች አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ፤ ሩሯን ተከትሎ ዳገት ቁልቁለቱን ቀኑን ሙሉ መሮጥ ነው። አንዳንድ ሰዎች የአበበን ድል ሁሉ ለደጋው ስስ አየር ይሰጡታል። አየሩ እርግጥ ይረዳል፤ ዳሩ ግን ያንን አየር የጅሩና የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል።

ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክቡር ዘበኛ አምስተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ገባ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥቂት ዓመት ማንም ፎቶግራፍ ያላነሣው፥ ማንም ያላጨበጨበለት ዘመን ነው። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ደግሞም ይመለሳል፤ ይህን በየቀኑ ያደርግ ነበር። የእንጦጦን ዳገት በእግሩ የወጣ ተማሪ ካለ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ያንብበው።

ከብዙ ወታደር መካከል ለይተው ያወጡት የስዊድን ዜጋ የነበሩት አሠልጣኙ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ኒስካነን ሰዓትና መዝገብ ይዘው የሚያሠለጥኑ ሰው ነበሩ። አንዱን ቀን ረጅም ሩጫ፥ አንዱን ቀን ፈጣንና ዝግተኛ የሚፈራረቁበት ልምምድ፥ ሌላውን ቀን ተደጋጋሚ አጭር ፍጥነት ያዝዛሉ። ውጤቱ በቁጥር ታየ። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ማራቶን ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ፈጀበት። ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ። በአንድ ወር ውስጥ ከ18 ደቂቃ በላይ መቀነሱ ነው። ይህ ሁለተኛው ሰዓት ዝነኛው የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይሻላል። እንግዲህ አበበ ወደ ሮማ ሲሄድ የማይታወቅ ሰው ነበር ስንል፥ ያላወቁት ሮማ የተሰበሰቡት ናቸው እንጂ ኒስካነንስ ያውቁት ነበር።

ባዶ እግሩንም በዚህ ዓይን መመልከት ይገባል። ሮማ ላይ የተገኘው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩንም አቆሰለው። አገሩ ሳለ ያለ ጫማ መሮጥን የለመደ ስለሆነ ባልለመደው ጫማ ከመሰቃየት በለመደው መሮጥን መረጠ። ለትዕይንት ያደረገው አይደለም፤ የተዘጋጀበትን ነገር በመጨረሻዪቱ ሰዓት አለመለወጡ ነው።

ሩጫው የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ወደ ማታ ተደርጎ ስለነበር የጥንቱ የአፒያ መንገድ በችቦ በርቶ ነበር። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ለብሶ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ሰውየው ግን የለበሰው 185 ነበር። ስለዚህ አበበ ከዋናው ተፎካካሪው ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ ሳለ ባለ 26 ቁጥሩን ከፊቱ ይፈልግ ነበር። ጣልያኖች ከአክሱም ወስደው ሮማ ላይ ካቆሙት ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ግን ጥሎት ሄደ። (ሐውልቱ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል።) የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው። ያን ጊዜ ከተመዘገበው ከዓለም ምርጥ ሰዓት አንድ ሴኮንድ የማይሞላ ብልጫ ነበረው፤ ሞሮኮውንም በ25 ሴኮንድ ቀደመው።

ከሦስት ወር በኋላ፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፥ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ በነገሩ አልገባበትም፤ ሆኖም የክቡር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተመርምሮ ተለቀቀ። ከዚያ ወጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ አቴና ላይ በባዶ እግሩ፥ ከዚያም ኦሳካ ላይ አሸነፈ፤ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያም በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሴ ላይ ድል አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ግን ከጓዱ ከማሞ ወልዴ ጋር ረጅሙን መንገድ ሲመራ ቆይቶ ብርዱና ንፋሱ ጡንቻውን አኮማትሮት አምስተኛ ወጣ። ይህን የቦስተን ሽንፈት የሚያወራ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ ግን ከድሎቹ መካከል ቢቈጠር ደስ ይለኛል፤ ተሸንፎ ተመልሶ እንደገና ተዘጋጅቷልና።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የቶኪዮ ዝግጅት ነው። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ከአልጋው ተነሥቶ ቀስ በቀስ መሮጥ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፥ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ፥ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲሆን አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ሁለተኛው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አበበ ሣር ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ሙዚቀኞቹ የኢትዮጵያን የሕዝብ መዝሙር ስላላዘጋጁ የጃፓንን ነፉለት፤ እሱ ሲዘጋጅ እነሱ አልተዘጋጁም ማለት ነው!

ከቶኪዮ በኋላ ማዕርግና ኒሻን ተጨመረለት፤ ነጭ ቮልስዋገንም ተሰጠው። በ1958 ዓ.ም. በስፔን ሳራውትስ፥ በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮርያ ከኢንቾን እስከ ሴኡል ሮጦ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ እግሩ ይከዳው ጀመር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሕመሙን ይዞ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ተቀብሎ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አመጣ።

አሁን ወደ ጂም ክላርክ ልመለስ። ይህ ሰው በ1960 ዓ.ም. መጋቢት ወር ጀርመን አገር ሆከንሃይም ላይ፥ በባለ አንድ መቀመጫ መኪናው ሲወዳደር ከመንገዱ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፥ የእኛው ሰው በነጩ ቮልስዋገኑ በሸኖ አካባቢ ብቻውን ይነዳ ነበር። መኪናው ከቁጥጥሩ ወጥቶ ተገለበጠ። በዚያ በብርዱ ሌሊት፥ ካደገበት መንደር ብዙ በማይርቅ ጎዳና፥ በመኪናው ውስጥ ተይዞ እስኪነጋ ድረስ ቆየ። በደሴ መንገድ አውቶቡስ የምንመላለስ ሁሉ ይህን ስፍራ እናልፈዋለን፤ አብዛኞቻችን የምናልፈው ተኝተን ነው።

መጀመሪያ አዲስ አበባ፥ በኋላም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው የአከርካሪ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ። በመጀመሪያው ሰሞን አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ስምንት ወር በሕክምና ሲቆይ እጆቹ ዳኑለት፤ ከወገቡ በታች ግን እንደማይንቀሳቀስ ቀረ። በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ሕሙማንን ክፍል ያቋቋሙት ከሂትለር ሸሽተው የመጡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ስፖርትን እንደ መድኃኒት ያዝዙ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታላቸው ግቢ በወንበር ላይ የተቀመጡ ሕሙማንን በቀስት አወዳድረዋል። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ የወጣ ነው።

የሩጫ ንጉሥ የተባለው ሰው፥ ዕድሜው ወደ 38 ሲጠጋ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ። እኔ ስለ አበበ ሳስብ ከሮማው ማታ ይልቅ ይህ ይታየኛል። ለአሥር ዓመት ያሠለጠናቸው እግሮቹ ከእንግዲህ ምንም አይጠቅሙትም፤ ሥራው በክንድና በትከሻ ነው። እንደ ጀማሪ ከዜሮ ተነሣ። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ ድል አላደረገም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደና፥ በበረዶ ላይ በተደረገ የመንሸራተቻ ውድድር ከአሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች ጋር ተሽቀዳድሞ አንደኛ ወጣ። ከጅሩ የመጣ ሰው በኖርዌይ በረዶ ላይ!

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ሙኒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ተቀምጦ ማራቶኑን ተመለከተ። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ በተወለደ በ41 ዓመቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ። ቀብሩ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር፤ የሸኘውም ሕዝብ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ነው። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ።