ክቡር አባ አውጉስጦስ ቶልተን፤ በር የተዘጋበት ተማሪ

ቤተ ክርስቲያን ካቶሊካዊት መባልዋ ለሕዝብና ለነገድ ሁሉ የተላከች፣ ማንንም በዘሩ ወይም በመልኩ የማትለይ መሆንዋን ያመለክታል። ይህንን ቃል በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር እንናገረዋለን፤ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ለልጆች እናስተምረዋለን። የቃሉ እውነተኛነት የሚፈተነው ግን መልኩና አነጋገሩ ከሌሎቹ የተለየ ተማሪ በትምህርት ቤት ደጃፍ በቆመ ጊዜ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው፣ ካህን ለመሆን ሲሻ የአገሩ የዘርአ ክህነት ቤቶች በቆዳው ቀለም ምክንያት የዘጉበት፣ የሩቅ አገር ኮሌጅ ግን እንደ ልጁ የተቀበለው የአሜሪካዊው የአባ አውጉስጦስ ቶልተን ሕይወት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልደትና ስደት

አውጉስጦስ ኤፕሪል 1 ቀን 1854 በሚዙሪ ግዛት፣ በራልስ አውራጃ፣ ብራሽ ክሪክ በተባለ ስፍራ ከባሮች ተወለደ። አባቱ ፒተር ፖል ቶልተን፣ እናቱ ማርታ ጄን ቺስሊ ይባሉ ነበር። የጌቶቻቸው ቤተ ሰቦች ካቶሊካውያን ስለ ነበሩ ባሮቻቸውን ያስጠምቁ ነበር፤ ሕፃኑንም ክርስትና ያነሣችው የእናቱ እመቤት ነበረች። በአንድ ጥምቀት የእግዚአብሔር ልጆች ከሆኑት ሰዎች አንዱ ሌላውን እንደ ከብት የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዘመን ነበር።

በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ አባቱ ከጌታው ቤት አምልጦ ወደ ሰሜኑ ጦር ሄደ፤ ወደ ቤተ ሰቡም ሳይመለስ ሞተ። በ1862 ማርታ ጄን ሦስት ልጆችዋን ይዛ፣ ታናሺቱን ታቅፋ፣ በትንሽ ጀልባ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገረች። ባርነት ወደሌለበት ወደ ኢሊኖይ ግዛት ደርሳም በክዊንሲ ከተማ ተቀመጠች። እናትም ልጆችም በትምባሆ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆይ የአውጉስጦስ ታላቅ ወንድም በሕመም ሞተ።

ትምህርት ፍለጋ

ማርታ ጄን ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ሴት ብትሆንም ልጅዋ እንዲማር አጥብቃ ትሻ ነበር። በመጀመሪያ የጀርመን ተወላጆች ቁምስና በነበረው በቅዱስ ቦኒፋስዮስ ትምህርት ቤት አስገባችው። ሆኖም የነጮቹ ልጆች ወላጆች ጥቁር ልጅ ከልጆቻችን ጋር አይቀመጥም ብለው ስለ ተቃወሙና ስለ ዛቱ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስወጣችው።

ከዚያ በኋላ የአየርላንድ ተወላጅ የነበሩት አባ ፒተር መጊር በቅዱስ ጴጥሮስ ቁምስና ትምህርት ቤት ተቀበሉት። በዚያም ከምእመናን ወገን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። አባ መጊር ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ልጁንም ብቻውን አልተዉትም። ፋብሪካው በክረምት በሚዘጋበት ወራት አውጉስጦስ ይማር ነበር፤ ንባብን ተማረ፤ ቅዳሴ አገልጋይ ሆነ። የክህነት ጥሪ በልቡ መኖሩንም እኚሁ ካህን አስተዋሉ።

ታላቁ መሰናክል የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አባ መጊርና ሌሎች ካህናት በአሜሪካ ወዳሉት የዘርአ ክህነት ቤቶች ቢጽፉም ጥቁር ተማሪ ለመቀበል የፈቀደ አንድም ስንኳ አልተገኘም። ጥምቀቱን፣ ቁርባኑንና የሠራተኛነት ጉልበቱን ቤተ ክርስቲያን ተቀብላለች፤ ጥሪውን የሚቀበል ቤት ግን በአገሩ ጠፋ።

በዚያው ዘመን፣ ከ1874 እስከ 1882፣ ኢየሱሳዊው አባ ፓትሪክ ሂሊ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ነበሩ። እናታቸው በባርነት የኖረች ሴት ነበረች፤ መልካቸው ወደ ነጭ ያደላ ስለ ነበረ ግን ብዙ ሰው እንደ አየርላንዳዊ ይቆጥራቸው ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ የእናታቸው ወገኖች በተማሪነት የማይገቡበት ቤት ነበር። አውጉስጦስ ግን ሊሰውረው የሚችል ነገር አልነበረውም፤ በመልኩ እንደ ታየ፣ በስሙ እንደ ተጠራ መቀበል ነበረበት።

ካህናቱ ተስፋ አልቆረጡም። ቀን በፋብሪካ ሲሠራ የሚውለውን ወጣት በትርፍ ጊዜው ላቲንና ሌሎች ትምህርቶች ያስተምሩት ጀመር። በ1878 ፍራንቸስካውያን ክዊንሲ በሚገኘው ኮሌጃቸው እንዲማር ፈቀዱለት፤ ይህ ኮሌጅ ዛሬ ክዊንሲ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በመጨረሻም በእነዚሁ መነኮሳት አማላጅነት ጉዳዩ ሮማ ደረሰ፤ የእምነት ማስፋፊያ ማኅበርም ተቀበለው።

በሮማ

በ1880 አውጉስጦስ በሮማ የፕሮፓጋንዳ ኡርባኖ ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁን በ1627 የመሠረቱት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስምንተኛ ናቸው። ዓላማውም ከልዩ ልዩ የተልእኮ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችን ለክህነት ማዘጋጀት ነበር። በአንድ ማዕድ የሚቀርቡት ተማሪዎች ከእስያ፣ ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ልብሳቸው አንድ ዓይነት ጥቁር ቀሚስና ቀይ መታጠቂያ፣ የትምህርት ቋንቋቸውም ላቲን ነበር። በዚያ ቤት ሁሉም ከሩቅ የመጣ ስለ ነበረ እንግድነት የአንድ ሰው ብቻ ሸክም አልሆነም።

ኮሌጁ ተማሪዎቹን አንድ ሲያደርግ የየራሳቸውን ቋንቋ አላስጣላቸውም። በላቲን ሥርዓት የሰብአ ሰገል መታሰቢያ በሆነው በአስተርእዮ በዓል ሰሞን፣ ተማሪዎች በየትውልድ ቋንቋቸው ግጥምና ንግግር ለሕዝብ የሚያሰሙበት የታወቀ ልማድ ነበረ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡት ጠቢባን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስጦታ እንዳቀረቡ፣ ተማሪውም የወገኑን ቋንቋ ስጦታ አድርጎ ያቀርብ ነበር። በአገሩ የትምህርት ቤት ወንበር የተነፈገው አውጉስጦስ በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ኖረ። ወደ አፍሪካ እንደሚላክ ስለሚያስብም ስለ አፍሪካ አገሮች ያጠና ነበር።

ኤፕሪል 24 ቀን 1886፣ በቀዳም ሥዑር፣ በላተራን የቅዱስ ዮሐንስ ባሲሊካ በካርዲናል ፓሮኪ እጅ ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። በማግስቱ በትንሣኤ በዓል የመጀመሪያ ቅዳሴያቸውን በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ሠዉ። ከዚሁ ባሲሊካ ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ መነኮሳትና መንገደኞች ያርፉበት የነበረ ስፍራ ነው።

የኮሌጁ ተማሪዎች ወደ ተመደቡበት አገር ለመሄድ በመሐላ ይታሰሩ ነበር። ስለ አባ ቶልተን ምደባ በተመከረ ጊዜ የማኅበሩ ኃላፊ ካርዲናል ሲሜዮኒ ወደ አሜሪካ እንዲመለሱ ወሰኑ። አሜሪካ ጥቁር ካህን አይታ የማታውቅ ከሆነ አሁን ልታይ ይገባታል የሚል ነበር አሳባቸው። አዲሱ ካህንም ወደ ናቁዋቸው ወገኖች መመለሱን በታዛዥነት ተቀበሉ።

ወደ አገር መመለስ

በጁላይ 1886 ክዊንሲ ሲደርሱ ሕዝቡ ጥቁርም ነጭም ሳይል በደስታ ተቀበላቸው። የቅዱስ ዮሴፍ ቁምስና ለጥቁሮች ተሰጣቸው። ስብከታቸውንና መልካም አነጋገራቸውን የወደዱ ነጮችም ወደ እርሳቸው ቅዳሴ ይመጡ ጀመር፤ ችግር የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነበር። ጥቁሮችን ብቻ እንዲያገለግሉ ተነገራቸው፤ በከተማው ካህናት መካከልም ብቸኛ ሆኑ። ፈተናው በጸና ጊዜ ከሮማ ፈቃድ አግኝተው በ1889 ወደ ቺካጎ ተዛወሩ።

በቺካጎ ጥቁሮች ካቶሊካውያን በሌላ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አባ ቶልተን ለእነርሱ የቅድስት ሞኒካን ቁምስና አቋቋሙ፤ በኋላ በቅድስና የታወጁት እናት ካተሪና ድሬክሰል በገንዘብ ረዱአቸው። እናታቸው ማርታ ጄን ከእርሳቸው ጋር ትኖር ነበር። ድኾችን በየቤታቸው እየጎበኙ፣ በሽተኞችን እያጽናኑ፣ ያለ ዕረፍት ደከሙ። ጁላይ 9 ቀን 1897 ከካህናት ሱባኤ ሲመለሱ በብርቱ ሙቀት ምክንያት መንገድ ላይ ወድቀው በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። እንደ ምኞታቸውም በክዊንሲ ተቀበሩ።

ከዕረፍታቸው በኋላ

አባ ቶልተን በተወለዱበት በሚዙሪ ግዛት የቅዱስ ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎችን የተቀበለው በ1944 ነበር። በዚያ ዓመት ኢየሱሳዊው አባ ክሎድ ሃይትሃውስ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ በደል ሰበኩ፤ ተማሪዎቹም ስለ ንስሐ ቆመው ከእርሳቸው ጋር ጸለዩ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሩ ተከፈተ። ይሁን እንጂ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች በዳንስና በመሰል ዝግጅቶች እንዳይካፈሉ ተከለከሉ። አባ ሃይትሃውስ ይህንንም በመቃወማቸው በ1945 ከዚያ እንዲርቁ ተደረገ። ወደ ቤት መግባትና የቤቱ ልጅ መሆን ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አባ ቶልተንን የተቀበለው የሮማው ኮሌጅ በ1962 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ሃያ ሦስተኛ ጳጳሳዊ ኡርባንያና ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ፤ ከአገራችን ካህናትም በዚያ የተማሩ አሉ። በ2010 የቺካጎ ሀገረ ስብከት የአባ ቶልተንን የቅድስና ጉዳይ መመርመር ጀመረ፤ በጁን 2019 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የምግባራቸውን ጽናት መስክረው ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ፈቀዱ።

በየቁምስናችን አጠገብ ባሉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሩቅ ክፍላተ ሀገር የመጡ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ወጣቶች ይማራሉ። ብዙዎቹ በእሑድ ቅዳሴ ላይ በኋለኛው መቀመጫ ተቀምጠው፣ ማንም ስማቸውን ሳይጠይቃቸው ይመለሳሉ። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የአባ መጊርን ምሳሌ ቢከተሉ፣ ምእመናንም እነዚህን ልጆች በስማቸው ቢጠሩና በማዕዳቸው ቢያስቀምጡ፣ የካቶሊካዊነታችን ቃል በሥራ ይገለጣል። ከመካከላቸው አንዱ እግዚአብሔር ለክህነት የጠራው ሊሆን ይችላል፤ ጥሪውን የምንዘጋበት እንዳንሆን የክቡር አባ አውጉስጦስ ቶልተን ምሳሌነት ይርዳን።