ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ፤ ዘማቹ አባት

በዚህ የምሥረታ በዓል ልዩ ዕትማችን መቀመጫቸውን ፍቼ አድርገው ሰላሌን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩትን ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉን እንዘክራለን።

በ1873 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በእናታቸው የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ዘመቱ። ዙፋን የሚያስመኝ የዘር ሐረግ ቢኖራቸውም ለተፈሪ መኰንን ታምነው ኖሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ የሰሜን ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ። ተምቤን ላይ ድል ቢሆኑም ማይጨው ላይ ደግመው ተሰለፉ። በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ ትልልቆቹ ልጆቻቸው አገር ውስጥ ቀሩ።

ከዘመቻው ሁሉ የከፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋወሰን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሕይወታቸው እንደማይነካ ቃል ተገብቶላቸው ፍቼ ላይ እጃቸውን ቢሰጡ ወዲያው ተገደሉ። ታላቅየው ደጃዝማች ወንድወሰንም በዚያው ወር ላስታ ላይ ተይዘው ተረሸኑ። ሦስት ልጅ በአንድ ወር! አባት መርዶውን በስደት ሰሙ። የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ግን ሐዘን ተቀምጠው አልቀሩም፤ ጦር እየመሩ ጠላትን ተዋጉ።

ልዑል ራስ ካሣ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተመልሰው በዘውድ ምክር ቤት አገለገሉ፤ በኅዳር 1949 ዓ.ም. አረፉ። የተረፉላቸው አንድ ወንድ ልጅ፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ። ይህን እንኳ አባት አላዩም።