ሬኔ ላኤኔክ፦ የደረት ማዳመጫን የፈለሰፉት ሐኪም ሕይወትና የጤና ባለሙያዎች የቲቢ ምርመራ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ይሁን ጎፋ ወይም መካኒሳ፣ ሳል ጠንቶበት ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ በሐኪሙ አንገት ላይ የተንጠለጠለው የደረት ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) ነው። ይህን መሣሪያ የፈለሰፉት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ናቸው። ዶክተር ላኤኔክ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማንን በመመርመር ካሳለፉ በኋላ፣ በዚያው በሽታ በ45 ዓመታቸው ሞተዋል። ሕይወታቸው ሌሎችን የሚመረምር ባለሙያ ራሱም በየጊዜው መመርመር ያለበት ለምን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ልጅነትና ትምህርት

ላኤኔክ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1781 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ግዛት፣ ካምፔር በተባለች ከተማ ተወለዱ። ገና በአምስት ዓመታቸው እናታቸውን በሞት አጡ። በኋላም ናንት ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሐኪም አጎታቸው ወስደው አሳደጓቸው። ወደ ሕክምና የሳቧቸውም እኚሁ አጎታቸው ናቸው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ናንት ጦርነት ደርሶባት ስለነበር፣ ላኤኔክ ገና በአፍላ ዕድሜያቸው በከተማይቱ ሆስፒታል ቁስለኞችን በመርዳት ሥራውን ለመዱ።

እ.ኤ.አ. በ1801 ወደ ፓሪስ ሄደው በዘመኑ ከታወቁት ሐኪሞች አንዱ በነበሩት በኮርቪዛር ሥር ተማሩ። በ1804 በሕክምና ተመረቁ። ያኔ በሽታን ለመረዳት ዋናው መንገድ ሕመምተኛውን በሕይወት ሳለ በጥንቃቄ መከታተል፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ አስከሬኑን ከፍቶ መመርመር ነበር። ላኤኔክም በዚህ መንገድ የበርካታ በሽታዎችን ምንነት አጠኑ። ከሁሉም በላይ ትኩረታቸውን የሳበው በጊዜው በፓሪስ ብዙ ሰው ይገድል የነበረው የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ማዳመጫው እንዴት ተሠራ?

እ.ኤ.አ. በ1816 ላኤኔክ በፓሪስ በሚገኘው ኔከር ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የልብ ሕመም ምልክት ያላት አንዲት ወጣት ለምርመራ ቀረበች። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች ጆሯቸውን በቀጥታ በሕመምተኛው ደረት ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ታካሚዋ ወጣት ሴት በመሆኗ ግን ይህ ነውር መሰላቸው። ሰውነቷም ወፍራም ስለነበር በዚያ መንገድ ብዙ የሚሰማ ነገር አይኖርም።

በዚህ ጊዜ አንድ የሚያውቁት ነገር ትዝ አላቸው። የረጅም እንጨትን አንድ ጫፍ በመርፌ ቢጭሩት፣ በሌላው ጫፍ ጆሮውን የደገነ ሰው ድምፁን አጉልቶ ይሰማዋል። ወዲያው ወረቀት ጠቅልለው አንዱን ጫፍ በደረቷ ላይ፣ ሌላውን በጆሯቸው ላይ አደረጉ። የልቧ ምት ከዚያ በፊት ሰምተውት በማያውቁት ጥራት ተሰማቸው። ከዚያም ወረቀቱን ትተው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክብ የእንጨት ቱቦ ሠሩ።

ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት የሳንባንና የልብን ድምፆች በማዳመጥና ከአስከሬን ምርመራ ውጤት ጋር በማነጻጸር አሳለፉ። ለምሳሌ ቲቢ ሳንባን ቦርቡሮ ክፍተት ሲፈጥር፣ የሕመምተኛው ንግግር በቱቦው ውስጥ ከደረቱ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ ጎልቶ እንደሚሰማ ደረሱበት። ግኝታቸውን የያዘው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1819 ታተመ።

የሐኪሙ ጤና

ይህ ሥራ ግን አደጋ ነበረበት። ላኤኔክ ቀን ቀን ከሚያስሉ ሕሙማን አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ በቲቢ የሞቱትንም አስከሬን ይመረምራሉ። የቅርብ ወዳጃቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ባይል፣ እሳቸውም የቲቢ ተመራማሪ የነበሩ፣ ማዳመጫው በተፈለሰፈበት በ1816 በዚሁ በሽታ ሞቱ። በዚያ ዘመን ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። በፈረንሳይ አብዛኞቹ ሐኪሞች በዘር የሚወረስ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታል ሠራተኞችን በየጊዜው ለቲቢ የመመርመር አሠራር አልነበረም።

ላኤኔክ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጤናቸው ደካማ ነበር። መጽሐፋቸው በታተመ ጊዜ በጣም ከመዳከማቸው የተነሳ ፓሪስን ትተው ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ። ሲሻላቸው ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ትዳር መሠረቱ። በ1826 ግን ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ጸናባቸው። የወንድም ልጅ ያህል ያቀርቡት የነበረው ዘመዳቸው ዶክተር ሜሪያዴክ ላኤኔክ ማዳመጫውን በደረታቸው ላይ አድርጎ አዳመጣቸው። የሰማው ድምፅ እሳቸው ራሳቸው ለዓለም ያስተማሩት የቲቢ ምልክት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 13 ቀን በብሪታኒ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ምን ታወቀ?

ላኤኔክ ከሞቱ ከ56 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ቲቢን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኙ። በሳንባው ላይ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ባክቴሪያው በአየር ውስጥ ይሰራጫል፤ ያን አየር የሚተነፍስም ሊያዝ ይችላል። በተለይ ጠባብ፣ ሰው የበዛበትና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ለመተላለፍ ይመቻል። በዚህ የተነሳ ቀኑን ሙሉ በካርድ ክፍል፣ በተመላላሽ ሕክምና ወይም በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ የሆነባቸው ብሎ ከመደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

የጤና ባለሙያ ምን ምን ይመረመራል?

• ቲቢ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ እንዳለበት ይጠየቃል። ምልክት ካለ የአክታ ምርመራ ይደረጋል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የደረት ራጅ ይነሳል።
• ሄፓታይተስ ቢ፦ በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል። ያልተያዘና ያልተከተበ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይከተባል።
• ኤች አይ ቪ፦ ምርመራው በፈቃደኝነትና በምስጢር የሚደረግ ነው። ያገለገለ መርፌ የወጋው ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። መከላከያ መድኃኒቱ ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር ይኖርበታል።

ምርመራው አንድ ጊዜ ሥራ ሲጀመር ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። በየጊዜው መደገም አለበት፤ ምልክት ሲታይ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይደረጋል።

ለሕመምተኞችና ለቤተሰብ

ቲቢ ያለበት ባለሙያ ሳይታወቅለት ሥራ ላይ ከቆየ፣ ጨቅላ ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውንና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የራሱንም ልጆች ሊያሲዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ባለሙያው እንዳይመረመር የሚያደርገው እውቀት ማጣት ሳይሆን ሥራዬን አጣለሁ፣ ሰው ይሸሸኛል የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ፦

• ባለሙያው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ቢያደርግ ወይም መስኮት ክፈቱ ቢል ቅር አይበልዎ፤ እርስዎንም ራሱንም እየጠበቀ ነው።
• ሳል ካለብዎ ወረፋ ከመያዝዎ በፊት ይናገሩ፤ ሲያስሉ አፍዎን በመሐረብ ወይም በክንድዎ ይሸፍኑ።
• ቤተሰብዎ ውስጥ የጤና ባለሙያ ካለና ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ራሱን እንዲያክም አይተዉት፤ በሌላ ባለሙያ እንዲታይ ያበረታቱት።
• ታሞ የዳነን ባለሙያ አይሽሹት። ተገቢውን ሕክምና በአግባቡ የሚወስድ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል።

በላኤኔክ ዘመን ለቲቢ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ መድኃኒቱን ላልተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው ይድናል፤ በሽታው ቶሎ ከታወቀ ደግሞ ሳንባው ብዙ ሳይጎዳ ወደ ሥራው ይመለሳል።